ዘርና ፍትሐዊነት በአሜሪካ መራጭ ኮሌጆች ቅበላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ክስ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ ከወሰነ ወዲህ፣ በአሜሪካ ልጆቻቸውን ለኮሌጅ የሚያዘጋጁ ወላጆችና አመልካቾቹ ራሳቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

መራጭ ኮሌጅ የሚባለው የትኛው ነው? ክርክሩስ ሁሉንም ኮሌጆች ይመለከታል?

አይመለከትም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ካመለከተው ተማሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይቀበላሉ፤ እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና እንደ ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያሉት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ላጠናቀቀ ሁሉ በራቸው ክፍት ነው። የዘር ጉዳይ የሚያከራክረው ከብዙ አመልካች መካከል ጥቂቱን ብቻ በሚወስዱት ዘንድ ነው። ሃርቫርድ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደረሰበት ወቅት በዓመት ከ60,000 በላይ ማመልከቻ እየተቀበለ ፈቃድ የሚሰጠው ከ2,000 ለሚያንሱ ተማሪዎች ነበር።

ከአገር ቤት ለመጣ ወላጅ ዋናው ግርታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ የምናውቀው ብሔራዊ ፈተና ተሰጥቶ፣ መቁረጫ ነጥብ ወጥቶ፣ ከነጥቡ በላይ ያለው ሲመደብ ከበታች ያለው ሲቀር ነው። መራጭ የአሜሪካ ኮሌጅ ግን መቁረጫ ነጥብ አያወጣም፤ የትምህርት ውጤትን፣ ኤስኤቲ የተባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ የመምህራንን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ድርሰትን፣ ስፖርትንና ከክፍል ውጭ ያለ ተሳትፎን አንድ ላይ አድርጎ ይመዝናል። «ልጄ ሁሉንም ኤ አግኝታ እንዴት ትቀራለች?» ለሚል ወላጅ የሃርቫርድ ክርክር አንድ መልስ አውጥቷል፦ በ2019 ለሚመረቀው ክፍል ካመለከቱት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸው ሙሉ የነበረው ብቻ ከ8,000 በላይ ነበሩ። ሙሉ ውጤት ለውድድሩ ያበቃል እንጂ መቀመጫ አያስገኝም።

አፈርማቲቭ አክሽን ማለት ለጥቁሮች የተለየ ኮታ ማለት አልነበረም?

ቃሉን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከአገር ቤት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ምደባ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ይወጣ ስለነበር «በአፈርማቲቭ ገባች» የሚለው አነጋገር ጆሯችን ላይ ቀርቷል። የአሜሪካው አሠራር ግን እንዲህ በአደባባይ የተቆረጠ ነጥብ አልነበረውም። ቃሉ የገነነው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 የመንግሥት ሥራ ተቋራጮች ሠራተኞቻቸውን ያለ ዘር ልዩነት እንዲይዙ ባወጡት ትእዛዝ ሲሆን፣ ኮሌጆች ወደ ቅበላ ያመጡት በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮታ የሚመስል ነገር እንደነበረ አይካድም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 መቀመጫዎቹ 16ቱን ለአናሳ ወገኖች ለይቶ አስቀምጦ ነበር፤ አለን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች ከሰሰና በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ለይቶ መያዝ ሕገ ወጥ ነው፣ ዘርን ከብዙ መመዘኛዎች እንደ አንዱ ማየት ግን ይቻላል ብሎ ወሰነ። በ2003 ደግሞ የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች ከ150 ነጥብ ውስጥ 20ውን በዘር ምክንያት መስጠቱ ተሻረ፤ በዚያው ቀን ግን የሕግ ትምህርት ቤቱ እያንዳንዱን ማመልከቻ ለየብቻ እያነበበ ዘርንም ከግምት ማስገባቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ጸደቀለት። ስለዚህ ከ1978 ወዲህ ኮታ በሕግ አልተፈቀደም፤ የነበረው ሚዛኑ ላይ የሚጨመር፣ መጠኑ በውል የማይነገር ክብደት ነው። ብዙ ቅሬታ ያስነሳውም ይህ አለመነገሩ ይመስለኛል።

በ2023 ፍርድ ቤቱ የወሰነው በትክክል ምንድን ነው?

በኤድዋርድ ብለም የተመሠረተው «ተማሪዎች ለፍትሐዊ ቅበላ» የተባለው ማኅበር ሃርቫርድንና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን በ2014 ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 29 ቀን 2023 የሁለቱም አሠራር ሕገ ወጥ መሆኑን በየነ። በሰሜን ካሮላይናው ጉዳይ ድምፁ 6 ለ 3 ሲሆን በሃርቫርዱ 6 ለ 2 ነበር፤ ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ቀደም ሲል የሃርቫርድ የበላይ ተመልካቾች ቦርድ አባል ስለነበሩ ከዚህኛው ራሳቸውን አግልለዋል።

የውሳኔውን ጽሑፍ ያዘጋጁት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ያቀረቧቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ዋናዎቹ ግን ኮሌጆቹ የብዝኃነት ጥቅም የሚሉት ነገር በፍርድ ቤት ሊለካ አለመቻሉ፣ መቀመጫው የተወሰነ በመሆኑ ለአንዱ በዘሩ የተጨመረለት ነገር ከሌላው በዘሩ የተቀነሰ መሆኑ፣ እንዲሁም አሠራሩ መቼ እንደሚያበቃ አለመታወቁ ናቸው። በ2003 ዳኛ ሳንድራ ደይ ኦኮነር ከ25 ዓመት በኋላ እንዲህ ያለው ድጋፍ አያስፈልግም ብለው እንደሚጠብቁ ጽፈው ነበር፤ ቀጠሮው ሳይደርስ በ20 ዓመቱ ተዘጋ። የጦር አካዳሚዎች በውሳኔው አልተካተቱም ነበር፤ እነርሱም ቢሆኑ በ2025 ዘርን ማየት አቁመዋል።

ታዲያ ልጄ በድርሰቷ ስለ ጥቁርነቷ ወይም ስለ ኢትዮጵያዊነቷ መጻፍ ተከልክላለች?

አልተከለከለችም፤ ይህ በብዙዎች ዘንድ በስህተት የሚወራ ነገር ነው። ውሳኔው ራሱ፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር፣ መድልዎም ይሁን መነሣሣት፣ ሲተርክ ኮሌጁ ከማየት እንደማይታገድ በግልጽ ይናገራል። ልዩነቱ ያለው ኮሌጁ ለምን ነጥብ እንደሚሰጥ ነው፦ መድልዎን ተቋቁማ ላሳየችው ጽናት ወይም ቅርሷ ላነሣሣት ሥራ ዋጋ መስጠት ይችላል፤ ጥቁር በመሆኗ ብቻ ግን አይችልም። በድርሰት ስም የቀድሞውን አሠራር በጓሮ በር ማስገባትም እንደማይፈቀድ ሮበርትስ አክለው አስጠንቅቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከውሳኔው ወዲህ «የስደት ታሪክ ጻፊ፣ ያስገባሻል» የሚል ምክር በየቤቱ ይሰማል። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች ልጅ የእናቷን የሱዳን በረሃ ጉዞ እንደራሷ አድርጋ ብትጽፍ ድርሰቱ ስለ እናቷ እንጂ ስለ እርሷ አይሆንም። ቅዳሜ ጠዋት የአያቷን የሐኪም ቀጠሮ ስታስተረጉም የተማረችው ነገር ካለ እርሱ የራሷ ነው።

ማመልከቻው ላይ የዘር ሳጥን አሁንም አለ። የእኛ ልጆች የትኛውን ይሙሉ?

ጥያቄው ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት «ኮመን አፕ» የተባለ የማመልከቻ ቅጽ ላይ አሁንም አለ፤ መመለሱ ግን የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ኮሌጆችም መልሱ ማመልከቻውን ለሚያነቡት ሠራተኞች እንዳይታይ ማድረግ ይችላሉ። መረጃው የሚያገለግለው ለስታቲስቲክስ ነው። ሳጥኑን ባዶ መተው አይጎዳም፤ መሙላትም በሕጉ መሠረት አይጠቅምም።

የትኛውን ለሚለው የፌዴራል መንግሥቱ መልስ አለው። በማርች 2024 ተሻሽሎ በወጣው የዘር አመዳደብ መመሪያ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ለሚለው ምድብ በምሳሌነት ከተጠቀሱት ሕዝቦች መካከል ኢትዮጵያውያን በስም አሉበት፤ ሶማሌዎችና ናይጄሪያውያንም እንዲሁ። «እኛ ሐበሻ እንጂ ጥቁር አይደለንም» የሚለው የቡና ላይ ክርክር በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚያመለክት ተማሪስ?

በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ሰው በፌዴራል ስታቲስቲክስ በዘሩ አይቆጠርም፤ «ነዋሪ ያልሆነ» በሚል ለብቻው ይመዘገባል። ስለዚህ ውሳኔው እርሱን ብዙም አይነካውም። የእርሱ ዋና ፈተና ገንዘብ ነው፦ የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ መርጠው ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡት እንደ ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ኮሌጆች ብቻ ናቸው።

የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ቅሬታ እውነት ነበረበት?

በእኔ ግምት ነበረበት፤ ነገር ግን በተለምዶ በሚነገርበት መንገድ አይደለም። በሃርቫርድ አመልካቾች በትምህርት፣ በተሳትፎና በስፖርት ከመመዘናቸው ሌላ «የግል ባሕርይ» የሚባል ደረጃ ይሰጣቸው ነበር፤ የቅበላ ሠራተኞቹ በዚህ መስፈርት ለእስያ ዝርያ አመልካቾች በአማካይ ዝቅ ያለ ደረጃ ይሰጡ እንደነበር ከዩኒቨርሲቲው የራሱ መዝገብ ወጥቷል። ሰዎቹን በዓይናቸው ሳያዩ ደግነታቸውንና ድፍረታቸውን ከወረቀት መለካት፣ ከዚያም አንድ ወገን በጅምላ ዝቅ ማለቱ ጥርጣሬ ቢያሳድር አይገርምም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አሊሰን በሮውስ በ2019 ሆን ተብሎ የተፈጸመ መድልዎ አልተረጋገጠም ቢሉም የደረጃው ልዩነት መኖሩን አልካዱም።

ከዚህ ጋር አንድ ቁጥር ይጠቀሳል፦ በትምህርት ውጤት አመልካቾች በአሥር እርከን ሲከፈሉ፣ ከታች አራተኛ እርከን ላይ ያለ ጥቁር አመልካች የመግባት ዕድሉ 12.8 በመቶ ሲሆን ከላይኛው እርከን ያለ የእስያ ዝርያ አመልካች 12.7 በመቶ ነበር። ቁጥሩ የተጨመረውን ክብደት ትልቅነት ያሳያል። የግል ባሕርይ ደረጃው ችግር ግን ሌላ ነው፦ ለጥቁሮች የሚሰጠው ድጋፍ ቢቀርም የእስያ ዝርያ ያለው ልጅ ከነጩ ጋር ሲወዳደር የሚደርስበትን ዝቅታ በራሱ አያነሣውም። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ክስ ስለቀረቡ በሕዝብ ዘንድ አንድ መስለው ቀሩ።

ከውሳኔው በኋላ የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ቀነሰ?

በብዙ ቦታ ቀንሷል፤ በሁሉም ግን አይደለም። በ2024 በገባው የመጀመሪያ ክፍል የኤምአይቲ የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ከ13 ወደ 5 በመቶ፣ የአምኸርስት ከ11 ወደ 3 በመቶ ወረደ። ሃርቫርድ ከ18 ወደ 14 በመቶ ዝቅ ብሎ በቀጣዩ ዓመት 11.5 ደረሰ። በ2024 የል ግን 14 በመቶ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ፕሪንስተንም ከነበረበት 9 በመቶ ገደማ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። በየል ደግሞ ከተጠበቀው በተቃራኒ የእስያ ዝርያ ተማሪዎች ድርሻ ከ30 ወደ 24 በመቶ ወርዷል። የዘር ሳጥኑን ባዶ የሚተው አመልካችም ስለሚኖር የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ መደምደም አያስተማምንም።

ረዘም ያለውን ታሪክ ማየት የሚፈልግ ካሊፎርኒያን ይመልከት። ግዛቷ በ1996 በሕዝብ ድምፅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ዘርን ማየት ከለከለች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ በሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ ወደ 5,000 ከሚጠጉ አዲስ ገቢዎቹ መካከል ጥቁሮቹ 96 ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየዞረ ተማሪ ለመሳብና ለማዘጋጀት ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳወጣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አስረድቷል። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ቢያገግምም መንገዱ ረጅምና ውድ ነበር።

ዘር ከተከለከለ ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆችና ለሀብታም ልጆች የሚሰጠው ቅድሚያስ ለምን አልተከለከለም?

ሕጉ መልስ አለው፤ መልሱ ግን ሰውን አያረካም። ሕገ መንግሥቱና የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚከለክሉት በዘር መለየትን ነው፤ አባቱ እዚያው ስለተማረ ብቻ ልጁን ማስቀደም በስሙ የተከለከለ አይደለም። በሃርቫርዱ ክርክር የወጣው መረጃ ግን ዓይን የሚከፍት ነበር። ከ2014 እስከ 2019 ለሚመረቁት ክፍሎች ቅበላ ካገኙት ነጭ ተማሪዎች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስፖርተኞች፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች ወይም ለጋሾችና ታዋቂ ሰዎች በሚበዙበት ልዩ ዝርዝር ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ በጥቁር፣ በእስያና በሂስፓኒክ ተማሪዎች ዘንድ ይህ ከ16 በመቶ በታች ነበር። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2023 ያወጡት ጥናት ደግሞ እኩል የፈተና ነጥብ ካላቸው ልጆች መካከል ከአገሪቱ አንድ በመቶ ባለጸጎች ቤት የመጣው ከመካከለኛ ገቢ ቤት ከመጣው ይልቅ ወደ እነዚህ ኮሌጆች የመግባት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

ታክሲ የሚነዳ ወይም በነርሲንግ ሆም የሚሠራ ወላጅ ይህን በር በውርስ አያገኘውም። ለውጥ ግን አለ፤ ጆንስ ሆፕኪንስና አምኸርስት የቀድሞ ተማሪዎችን ልጆች ማስቀደምን በራሳቸው ትተውታል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ግዛቶች ቨርጂኒያ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ፣ ሜሪላንድ ደግሞ በዚያው ዓመት በግሎቹም ጭምር በሕግ ከልክለውታል።

ሁሉንም ትቶ በፈተና ብቻ መምረጥ አይሻልም?

ይህ ሐሳብ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ፈተና ዘመድ አያውቅም እያልን ያደግን ነን። በወረርሽኙ ጊዜ ፈተናን ትተው የነበሩ ኮሌጆችም እየተመለሱበት ነው፦ ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትመዝ፣ የል፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024። የሰጡት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል፤ ከደካማ ትምህርት ቤት የመጣ ጎበዝ ልጅ ያለ ፈተናው ብቃቱን የሚያሳይበት ሌላ መንገድ ያጣል የሚል ነው። ሆኖም አንዳቸውም ነጥብን ብቻ አያዩም፤ በግል አስጠኚ የተገኘን 1400 የኤስኤቲ ነጥብ ማታ ማታ ታናናሾችን እየጠበቁ ከተገኘው እኩል አያዩትም።

ሌላው አማራጭ ቦታን መመዘኛ ማድረግ ነው። ቴክሳስ በ1997 ባወጣችው ሕግ ከየትኛውም የግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ የመጀመሪያ አሥር በመቶ ውስጥ የገባ ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲያገኝ አደረገች። በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ቤተሰቦች በቅርብ የሚያውቁት ደግሞ ቶማስ ጀፈርሰን የተባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የፌርፋክስ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ በ2020 የመግቢያ ፈተናውንና የ100 ዶላር ክፍያውን አንሥቶ፣ ከእያንዳንዱ መካከለኛ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለ1.5 በመቶው መቀመጫ መደበ። በመጀመሪያው ዓመት የጥቁሮች ድርሻ ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል የእስያ ዝርያ ተማሪዎች ከ73 ወደ 54 በመቶ ወረዱ። ወላጆች ከሰሱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 ለቦርዱ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በፌብሩዋሪ 2024 ጉዳዩን አላይም አለ። ዘር ሳይጠራ በሰፈር መምረጥ እስከ አሁን ተፈቅዷል ማለት ነው።

ድጋፉ የታሰበው ለባርነት ተጎጂዎች ልጆች ከነበረ፣ የእኛ ልጆች በምን ተጠቀሙ? ፍትሐዊስ ነበር?

በማኅበረሰባችን ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጁን 1965 የዋሽንግተን ሐበሾች ከሚያዘወትሩት ዩ ስትሪት ብዙም በማይርቀው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቆመው፣ ለዓመታት በሰንሰለት የታሰረን ሰው ፈትቶ ከሩጫው መነሻ መስመር ላይ አቁሞ «በል ተወዳደር» ማለት ፍትሕ አይደለም ብለው ነበር። ያ ንግግር የተደረገው ስለ አሜሪካ ባሮች ልጆች እንጂ ስለ እኛ አይደለም፤ አብዛኞቻችን የመጣነው በ1980 የስደተኞች ሕግ፣ በዲቪ ዕጣና በቤተሰብ ጥሪ ነው። በ2004 የሃርቫርድ ምሁራን ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ጊኒየር ከዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ወይም የመጤ ልጆች መሆናቸውን በይፋ አነሡ። በ2007 የታተመው የዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ ጥናት ነገሩን በቁጥር ደገፈው፦ በ28 መራጭ ኮሌጆች ከነበሩ ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶው፣ አይቪ ሊግ በሚባሉት አንጋፋ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ 41 በመቶው መጤዎች ወይም የመጤ ልጆች ነበሩ፤ በዚያ ዕድሜ ካለው ጥቁር ሕዝብ ግን የእነርሱ ድርሻ 13 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህ የሆነው ልጆቻችን አጭበርብረው አይደለም፤ ሕጉ ራሱ መንገዱን ስለቀየረ ነው። በ1978ቱ የባኪ ውሳኔ ዳኛ ሉዊስ ፓውል የኅብረተሰቡን ያለፈ በደል መካስ ለኮሌጅ ቅበላ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ጽፈው፣ የተማሪዎች ብዝኃነት ግን ይሆናል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮሌጁ ሕጋዊ ጥያቄ «ማን ተበደለ?» መሆኑ ቀርቶ «ክፍሉ ውስጥ ማን የለም?» ሆነ፤ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ አባቷ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እናቷ ነርስ የሆነች ልጅ ከሚሲሲፒ ገጠር ከመጣች ልጅ እኩል መልስ ናት። ኮሌጆቹ የቀለለውን መንገድ መረጡ ብል ማጋነን አይሆንም። በሌላ ወገን፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ወይም ቤት አከራዩ የአያትን አገር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ልጆቻችን ከዘረኝነቱ ውጭ ናቸው ማለትም ሐሰት ነው።

እኔ እንደማየው ጥቅሙ የተወሰደው በሌሎች ትግል ከተከፈተ በር ነው፤ ይህን ለልጆች መንገር ተገቢ ነው። ከ2023 ወዲህ የቀነሰው ድርሻ የማን ልጆች እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ግን ኮሌጆቹ ከሚያወጧቸው ሰንጠረዦች አያገኘውም፤ የሚሲሲፒዋም የቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያዋ ሐበሻም የተቆጠሩት በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው።